ለሙሉነሽ የቀሩላት ሁለት ቃላት

እናቴ ሙሉነሽ ከሐረር ግንብ በሮች በአንዱ፣ በፈላና በር፣ ሽንኩርትና ድንች መሸጥ ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። እዚያ አካባቢ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ የሚያውቃት ደግሞ በሽንኩርቷ ሳይሆን በአፏ ነው። ከገጠር ከሚመጡት ሴቶች ጋር በኦሮምኛ፣ ግንቡ ውስጥ ካሉት የጀጎል ሴቶች ጋር በሐረሪኛ፣ ከቢሮ ሠራተኛው ጋር በአማርኛ ታወራለች። አባቴ ሃምሳ አለቃ ጌታነህ በወታደርነቱ ዘመን ከቢቸና ተመድቦ መጥቶ በዚያው ሐረር የቀረ፣ ዝምታ የሚወድ ሰው ነው። "ይቺ ሴት በሦስት ቋንቋ ነው የምታደክመኝ" ይል ነበር።

ከሁሉ ቋንቋዋ በላይ ግን ከአፏ የማትጠፋ አንዲት ነገር ነበረች፤ "እግዚአብሔር ይመስገን።" ውኃ ሦስት ሳምንት ጠፍቶ ሲሰነብት "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጀሪካኖቹም ይረፉ እንጂ" ትላለች። ዝናብ ቲማቲሟን ቢያበላሽባት "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድንቹ ተርፏል" ትላለች። አንድ ቀን አባቴ መረረውና፣

"ቤቱ ቢቃጠልስ ምን ልትዪ ነው?" አላት።

"ትኋኑ አብሮ ይነድዳል፤ እግዚአብሔር ይመስገን!"

እኔ ነፃነት፣ ብቸኛ ልጃቸው፣ ከግንቡ ውጭ በአዲሱ ከተማ አስተማሪ ነኝ። እውነቱን ለመናገር የእናቴን ምስጋና እንደ እምነት ቆጥሬው አላውቅም። ሰው ሲጠራው "አቤት" እንደሚለው፣ የአፍ ልማድ ይመስለኝ ነበር።

በግንቦት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው የሆነው። አጠገቧ ቅመም የምትሸጠው ጓደኛዋ ሰልማ ነች ያየቻት። አንዲት ደንበኛ ኪሎ ሽንኩርት ጠይቃት እናቴ እጇን ወደ ጆንያው ሰደደች። ያነሳችው ሽንኩርት ከጣቶቿ ወደቀ። ደግማ አነሳች፤ ደግሞ ወደቀ።

"ሙሉዬ፣ ምን ሆንሽ?" አለቻት ሰልማ።

እናቴ ልትስቅ ፈለገች፤ የሳቀው ግን ግማሽ ፊቷ ብቻ ነበር።

ሰልማ ቅመሟን እንደተዘረጋ ትታ መንገዱ መሐል ገብታ ባጃጅ አስቆመች። ሾፌሩ አደም ከሌላው ባጃጅ ጋር እየተጋፋ ሆስፒታል አደረሳቸው። ተደውሎልኝ ስደርስ እናቴ አልጋ ላይ ነበረች፤ የነጭ ቀሚሷ ትከሻ ላይ አምስት ቢጫ ጣቶች ታትመዋል። ሰልማ እርድ ስትሰፍርበት በነበረው እጇ ደግፋት መጥታ ነው። እሷም ጥግ ላይ ቁማ "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ትላለች።

ዶክተሩ ስትሮክ ነው አለን። ቀኝ ጎኗን ይዟታል፤ ንግግሯንም ነክቶታል።

ሦስት ቀን ድምፅ አልወጣትም። በእናቴ ዕድሜ ሦስት ቀን ዝምታ የመጀመሪያዋ ይመስለኛል። በአራተኛው ቀን ጠዋት ዶክተሩ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣

"እማማ፣ ስምዎትን ይነግሩኛል?" አላት።

ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ግንባሯ ላብ አወጣ። ከዚያ ጥርት ባለ ድምፅ፣

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች።

አባቴ ዘሎ ተነሳ። "ተናገረች! ሰማችሁ?"

ዶክተሩ ወደ አባቴ አመለከታትና፣ "እኚህ ሰውዬ ማን ናቸው?" አላት።

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ብላ ጠርታኝ አታውቅም" አለ አባቴ። አጠገቧ የተኛችው ታማሚ ሳቀች፤ እናቴም በግማሽ ፊቷ ሳቀች። ዶክተሩ እስክሪቢቶውን አሳያት፤ ያው ነው። ሰዓቱን አሳያት፤ ያው። አምስተኛው ላይ ሳቋ ቆመ። የራሷን ድምፅ ሰማችው። ሌላ ነገር ልትል ፈልጋ የሚወጣው እሱ ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት፤ በደህናው እጇ አፏን ያዘች።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ አቦከር ሰፈር ወዳለው ቤታችን ወሰድናት። ጠያቂው ጎረፈ። ሰው ሁሉ ደጃፉን ሲያልፍ "ሙሉነሽ፣ እንዴት ነሽ?" ይላታል፤ እሷም "እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች። አንዳንዱ እንባውን እየጠረገ "እምነት ማለት ይህ ነው! በዚህ ሕመም ላይ ማመስገን!" እያለ ይወጣል። እኔ ውስጤ ይቃጠላል። አላመሰገነችም እኮ፤ ሌላ የምትለው ስለሌላት ነው። ይህን ግን ለማን እነግራለሁ?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ነገር ፈለገች። ውኃ አመጣሁላት፤ አይደለም። ጋቢ ደረብኩላት፤ ገፈፈችው። መስኮቱን ከፈትኩ፤ ዘጋሁ። "እግዚአብሔር ይመስገን!" ትለኛለች እየጮኸች፣ ፍራሹን በግራ እጇ እየመታች። "እግዚአብሔር ይመስገን! እግዚአብሔር ይመስገን!" ግማሽ ሰዓት ያህል ታገልን። በመጨረሻ እጄን ይዛ ራሷ ላይ አኖረችው። ፀጉሯ ከታመመች ወዲህ አልተሠራም፤ ሰው ሲመጣባት አፍራ ኖሯል። ከኋላዋ ተቀምጬ ስሠራት ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ ከኋላዋ ስለነበርኩ ግን አላየችኝም።

ውጭ ወጥቼ ደጃፉ ላይ የተቀመጠውን አባቴን፣ "እግዚአብሔር ከቃሉ ሁሉ ይቺን ማስቀረቱ ምን ማለት ነው? ምኑን ነው የምታመሰግነው?" አልኩት። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ስላልሆነ ይደግፈኛል ብዬ ነበር። በዓመት አንዴ ለጥምቀት ቢወጣ ነው።

"አንቺ ቃሉን ነው የምትሰሚው፤ እኔ ድምፁን ነው" አለኝ።

"እንዴት ማለት?"

"ጫፉን ከፍ ስታደርገው 'ና' ማለቷ ነው። ቆረጥ ስታደርገው 'ተወኝ' ነው። ዝቅ አድርጋ ስትጎትተው አሟታል ማለት ነው። ትናንት ደግሞ ሾርባው ጨው እንደሌለው ነገረችኝ፤ ቀመስኩት፣ እውነቷን ነው።"

"ምስጋናውስ?"

"እሱም አለ። ጠዋት ዓይኗን እንደገለጠች ቀስ ብላ የምትላት አንዲት አለች። እሷን መተርጎም አልችልም" አለና ከዘራውን መሬት ላይ አሽከረከረ። "ለእኔ አይደለችማ።"

ሠላሳ ዓመት እናቴን "ዝም በይ" ሲላት የኖረ ሰው እንዲህ አድርጎ እንደሚያዳምጣት አላውቅም ነበር።

በሰኔ መጨረሻ፣ አንድ እሑድ፣ የንስሐ አባታችን ከቅዳሴ መልስ ሊጠይቋት መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቁመው ጸሎት ካደረሱ በኋላ "አባታችን ሆይ" ብለው ጀመሩ። እኔና አባቴ አንገታችንን ደፍተን ተከተልናቸው። አራተኛ ድምፅ ሰማሁ። ቀና ብል እናቴ ነች። ከእሳቸው ጋር እኩል፣ ቃል ሳትስት፣ ሳትንተባተብ ትላለች። አባም ደንግጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እሷ ግን ብቻዋን እስከ "አሜን" ወረደችው።

አባቴ አጠገቧ ተንበረከከ። "ሙሉ! ዳንሽ እንዴ? እስቲ ስሜን ጥሪኝ!"

አፏን ከፈተች። ደረቷ ወጣ፣ ገባ። "እግዚአብሔር... እግዚአብሔር ይመስገን" አለችው፣ እያዘነችለት።

በማግሥቱ ክንዷን ልታሠራ የምትመጣው ነርስ፣ ሲስተር ባርኮት፣ ነገሩን ስንነግራት እንደ እኛ አልደነቃትም። "ይታወቃል" አለችን። "ልብ ብሎ የሚፈለግ ቃል ሌላ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ አፍ የለመደው ጸሎትና መዝሙር ሌላ። ያኛው መንገድ ሲዘጋ ይሄኛው ክፍት ሊቀር ይችላል። እናንተ በተከፈተው ግቡ። አብራችኋት ጸልዩ፤ መሐል ላይ ደርሳችሁ አቁሙ፣ ቀጣዩን ቃል እሷ ትበለው። በቀን ሦስት ጊዜ።"

እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ስለዚህ ይህ ትእዛዝ የወደቀው በሃምሳ አለቃ ጌታነህ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ጉድ የሚታይበት ሆነ። አባቴ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እንደ ሰልፍ ቀጥ ብሎ አልጋዋ ፊት ይቆማል። ጎረቤት ሲያየው ያፍርና "ሕክምና ነው" ይላል። ችግሩ ጸሎቱ ከእሱም መጥፋቱ ነው። "ስምህ ይቀደስ" ይልና ከዚያ ወዲያ ይጨልምበታል። እናቴ ከመሐል አንስታ ልትነግረው አትችልም፤ ለእሷ የሚወጣላት ከመጀመሪያው ከተነሳች ብቻ ነው። ስለዚህ እሱ በሳተ ቁጥር ዓይኗን ጨፍና ትተነፍስና "አባታችን ሆይ" ብላ እንደገና ትጀምርለታለች። ማን ማንን እንደሚያክም ግራ የሚያጋባ ነበር።

በነሐሴ ጸሎቱ ተሰነጣጥቆ ለኑሮ ይውል ጀመር። እናቴ ሲርባት "የዕለት እንጀራችንን" ትላለች። አባቴ ዕቃ ሰብሮ ሲደነግጥ "ይቅር በለን" ትላለች። የአንዲት ወሬኛ ጎረቤታችን ድምፅ ከደጅ ሲሰማ ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ "ከክፉ ሁሉ አድነን" አለች፤ አባቴ ሳቁን ሊደብቅ ሮጦ ጓዳ ገባ። ለአባ ስነግራቸው ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። "ምን አለበት?" አሉኝ። "እኛ አፋችን ሙሉ ነው ብለን በልማድ እናነበንበዋለን፤ እሷ እያንዳንዷን ቃል ለጉዳይዋ ነው የምታወጣት።" ያን ዕለት የእናቴን "የአፍ ልማድ" እንደናቅኩት ታወሰኝና ቤት ስገባ ቀና ብዬ ላያት አፈርኩ።

የራሷን የመጀመሪያ ቃል ያወጣችው በመስከረም ነው። ሰልማ ልትጠይቃት መጥታ ቁጭ ብላለች። ሁልጊዜ ማክሰኞ ትመጣለች፤ የገበያውን ወሬ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ታወርድላታለች፤ እናቴ "እግዚአብሔር ይመስገን" ስትል እሷም "አልሐምዱሊላህ" እያለች ትቀጥላለች። አባቴ ደግሞ የጸሎት ሰዓቱ ደርሶበት ቆመ። ደህና ሄዶ ሄዶ "ወደ ፈተና" ላይ ሲደርስ ቆመ። ጣሪያውን አየ። መሬቱን አየ። ለዚያ ቀን አራተኛው ነው። እናቴ አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ፣

"አቦ!" አለች።

ሰልማ ወደ እኔ ዞረች።

"ምን አልሽ?" አለ አባቴ።

"አቦ!" ብላ ደገመችው፤ ግራ እጇንም ሰነዘረችበት።

ሰልማ አጨብጭባ ተነሳች። "ወላሂ ተመለሰች! የሐረር ልጅ በምን ቃል ልትጀምር ኖሯል!" አባቴ ሲሰደብ እንደዚያ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም። "በይ ድገሚው፣ ሙሉ፣ አቦ በይኝ" ይላታል፣ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ።

ሁሉም ነገር አልተመለሰም። ቀኝ እጇ አሁንም ደካማ ነው፤ ስትሄድ እግሯን ትጎትታለች። ሐረሪኛዋ ከኦሮምኛዋ ቀድሞ መጣ፤ ምክንያቱን ሲስተር ባርኮትም አታውቀውም። አንዳንድ ቀን ቃሏ ጥርት ይላል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጠዋት የነበራት ከሰዓት ይጠፋባታል። ያኔ አልጋዋ ላይ ፊቷን አዙራ ትተኛለች፤ አባቴም ሳያናግራት እግሯን ያሻሻታል። በማግሥቱ ግን ተነስታ ነጠላዋን ትፈልጋለች።

በጥር ወደ ፈላና በር ተመለሰች፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ግማሽ ቀን። ጆንያውን የሚሸከመውና የሚመዝነው አባቴ ነው፤ ደንበኛን የምታነጋግረው እሷ። "ድንች" የሚለው ቃል ተመልሶላታል፤ "ሽንኩርት" ግን እስካሁን እምቢ ብሏታል፤ ስለዚህ ለሁለቱም ድንች ነው የምትለው። ደንበኞቿ ለምደውታል። "እትዬ ሙሉነሽ፣ ኪሎ ድንች ይስጡኝ፣ ቀዩን" ይሏታል።

ባለፈው ቅዳሜ አጠገቧ ተቀምጬ የበሰበሰውን አብሬያት እለቅም ነበር። ብዙ ጊዜ ልጠይቃት ፈልጌ የተውኩትን ነገር አነሳሁ።

"እማዬ፣ ያኔ ሌላ ቃል ሳይኖርሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ስትዪ፣ ከልብሽ ነበር?"

ለመናገር ስታስብ ከንፈሯን ቀድማ ታንቀሳቅሳለች፤ እኔም መጠበቅ ተምሬያለሁ። አንድ ባጃጅ አለፈ፣ ሌላም አለፈ።

"አንዳ... አንዳንዱ" አለች።

"ሌላውስ?"

በግማሽ ፊቷ ፈገግ አለችና በአገጯ ወደ አባቴ አመለከተች። ሚዛኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ለአንዲት ሴት ይመዝን ነበር።

"ሌላው... ስድብ።"

አባቴ ሰምቶ ቀና አለ። "እኔን? ስንቱ?"

እናቴ ቆማ የምትጠብቀዋን ደንበኛ ነበር የምታየው። ሚዛኑን በጣቷ ነካ አድርጋ አንድ ራስ ሽንኩርት እንዲጨምርላት ምልክት ሰጠችው፤ እሱም እያጉረመረመ ጨመረላት።