ንጉሡ ባይስቅስ?

በእኛ አገር ሰውን ሞኝ ለማለት ቃል አያጥርም። በቀላሉ የሚታለለው ተላላ ነው፣ ነገር የማይገባው ጅል፣ ያለ ቦታው የሚስቀው ቂል፤ ማንንም የማይጎዳውን ደግሞ የዋህ ብለን እንመርቀዋለን። አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ እንደ ጠሪው ጠባይ በሁሉም ይጠራል። ፀጉሩ ሸብቶ እንኳ አንቱ ያለው ሰው የለም።

ሞላሌ ላይ ታሪክ አስተምራለሁ። በዚያ ሰሞን ስለ ጥንት የአውሮፓ ነገሥታት እያስተማርኩ ነበር፤ ቃጭል የተሰፋበት ቆብ ደፍቶ ንጉሡን ስለሚያጫውተው፣ ሞኝ ስለሚባለው ሰው። መኳንንቱ የማይደፍሩትን ፊት ለፊት ይናገር ነበር፣ ሞኝ ነውና ይስቁለታል እንጂ አይቀጡትም አልኳቸው። አንዷ ተማሪ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ ንጉሡ ባይስቅስ?" አለችኝ። ደወሉ አዳነኝ።

ወንድሜ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ባለፈው ክረምት ቀየት አጠገብ፣ ጉም ውስጥ፣ ከገበያ የሚመለስ ወጣት ገጭቶ ገደለ። ፍሬን ይዞ ነበር፤ ጭቃው ግን መኪናውን ወሰደው። የሕጉን ጉዳይ ጨርሶ ቢወጣም፣ ደም በሽማግሌ ካልደረቀ ሕግ ብቻውን በሰላም አያስኬድም። የሟች ታላቅ ወንድም ክላሹን ወልውሎ ይጠብቀዋል የሚል ወሬ ገበያ በዋለ ቁጥር ይደርሰን ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ፤ ያን ሰሞን ግን በደጃችን ሞተር ሳይክል ባለፈ ቁጥር መስኮቱን እዘጋ ነበር።

በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ቀን ቆረጡልን። የገደለው ሰው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ በሟች ቤተሰብ እግር ላይ ይወድቃል፤ ይቅር ካሉት ያወርዱለታል። ይቅር ካላሉትስ ብዬ የጠየቅኩት ሁሉ ወሬ ይቀይርብኝ ነበር። አጎቴን ቤት ልናስቀረው ሞክረን ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ የወንድሜን ጋቢ ጫፍ ይዞ እምቢ አለ። እንደያዘ መጣ።

የሟች ቤተሰብ ግቢ በሰው ሞልቷል። የሟች ወንድም ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። እናትየው ጥቁር ለብሰው ከሴቶቹ መካከል፣ ከእኔ ጥቂት ራቅ ብለው ነበሩ፤ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ለሽማግሌ አንድ ቃል መልሰው አያውቁም አሉ። ሽማግሌዎቹ ለወንድሜ አዝነው መሰለኝ፣ አንዲት ቀላል ድንጋይ መርጠው ማጅራቱ ላይ አኖሩለት። ተንበረከከ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። እኔ ዓይኔን ከክላሹ ላይ መንቀል አቃተኝ።

አጎቴ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አየና ሁሉም እየሰማው ተናገረ።

"ምነው እቺን አሸከማችሁት? በዚች እኮ የዶሮ ቤት ነው የምንዘጋው። የሞተው ሰው አይደለም እንዴ?"

የሳቀ የለም። አንድ ሽማግሌ አፉን ሊይዙት ብድግ አሉ። የሟች ወንድም ክላሹን ከጭኑ አነሳ። አጠገቤ የቆመችውን ሴት ነጠላ ጨምድጄ ያዝኩ። የተማሪዬ ጥያቄ ትዝ አለኝና መልሱን እዚሁ ላየው ነው አልኩ። አጎቴን በሆዴ ረገምኩት።

"ተዋቸው" አሉት እናትየው ልጃቸውን። ድምፃቸው ሻክሯል። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "ክረምት ከበጋ ተመላለሳችሁ፣ ስለ ካሳና ስለ ሰላም ነገራችሁኝ። የልጄን ክብደት ያነሱልኝ እኚህ ሰው ብቻ ናቸው።"

ወንድሜ ማንም ሳያዘው ትንሿን ድንጋይ አስቀምጦ ተነሳ። ወደ አጥሩ ሄደ፤ አጎቴም ጋቢውን እንደያዘ ተከተለው። ከካቡ ሥር ትልቁን ድንጋይ ፈንቅሎ፣ እያቃሰተ ማጅራቱ ላይ አወጣው። እግሩ እየተብረከረከ መጥቶ እናትየው ፊት በጉልበቱ ወደቀ። ቁልቁል አዩት። ልጃቸው ክላሹን እንደያዘ እሳቸውን ያያል።

"አውርድለት" አሉት ልጃቸውን።

ክላሹን መሬት ላይ አስቀመጠና መጣ። ድንጋዩን ብቻውን ሊያነሳ ሞከረ፤ ከበደው። አጎቴ ጋቢውን ለቀቀና በሌላው ጎን ያዘለት።