አዲስ የሸተተው ዘይት

የካምቢዮ ዘይት ሸትቶህ ያውቃል? የሞተር ዘይት አላልኩም፤ እሱማ ምን ሽታ አለው። የካምቢዮ ዘይት ከባድ ነው፤ ክብሪትና የበሰበሰ ሽንኩርት አንድ ላይ የታሸ ይመስላል፤ እጅ ላይ ካረፈ በቀላሉ አይለቅም። ባለፈው ሳምንት የመኪናዬን ዘይት የሚቀይርልኝ መካኒክ ጣቱን ነክሮ፣ "እትዬ፣ ይኸው ይዩት፤ ጥርት ያለ ነው" ብሎ አፍንጫዬ ሥር አመጣው። ጥርት ያለ! ወንበር ስጡኝ አልኩ። ልጁ ደም ግፊት መሰለው።

የአባቴ መሥሪያ ቤት ከመሳለሚያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር፤ ቤት ከተባለ። ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይ በምስማር ቀዳዳው እየሾለከች ወለሉ ላይ ትበተናለች። ጎረቤቶቻችን በርሜል ሲቀጠቅጡ ስለሚውሉ እኛ ቤት ሰው የሚነጋገረው በጩኸት ነበር። አባቴ የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተር፣ የተገኘውን ሁሉ ይሠራ ነበር። ደርግ ነው፤ ዕቃ ከውጭ አይገባም፤ የተበላሸ ነገር አይጣልም። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ከእሱ ጋር እውል ነበር። ሰፈሩ "ሴት መካኒክ" እያለ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። እኔ የአባቴ ዓይን ነበርኩ። ሞራ ሁለቱንም ዓይኖቹን ጋርዶት ከሁለት ዓመት ወዲህ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነበር የሚለየው። ይህ ከተሰማ ማን ሥራ ያመጣል? ስለዚህ ዘዴ ነበረን። ደንበኛ ፊት፣ "እስቲ አንቺ ደግሞ እዪና ንገሪኝ" ይለኛል፤ ፈተና የሚሰጠኝ አስመስሎ። እኔ ያየሁትን እናገራለሁ፤ እሱ በጣቱ ያሻል፣ ያሸታል፣ ይፈርዳል።

አንድ ጠዋት አንድ ሰው በነጠላ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፎ ገባ። ሲፈታው የጀልባ ሞተር! መርካቶ ውስጥ! በርሜል ቀጥቃጩ መዶሻውን ጥሎ፣ "ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሥር ልትቀዝፉ ነው እንዴ?" ብሎ ሰፈሩን አሳቀው። ሰውዬው ግን አልሳቀም። ዝዋይ ሐይቅ ላይ ካለች ደሴት ነው የመጣው፤ ዓሣ አስጋሪ ነው። ሞተሯ የአስጋሪዎች ማህበሩ ናት፤ ደሴቲቱ ሌላ ሞተር የላትም።

"ጋሼ፣ ከታች ታጉረመርማለች" አለ። "ባለቤቴ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያው ምጥ ሊገድላት ነበር። ነርሷ ሁለተኛውን ደሴት ላይ እንዳትሞክሪው፣ ክሊኒክ ድረሺ ብላታለች። በመቅዘፊያ ግማሽ ቀን ነው።"

ሞተሯ ታብሳ ታብሳ ታበራለች። አንድ የዓሣ ቅርፊት የለባትም። ውሃውን የሚገፋውን ክንፍ ስፈታ ከኋላው የመረብ ክር እንደ ልቃቂት ተጠምጥሞ አገኘሁ። በካቻቢቴ ጎትቼ አወጣሁትና፣ "ይኸው የምታጉረመርመው!" አልኩ፤ ኮራሁ።

"ክር ጎሚኒውን ይበላል" አለ አባቴ። ጎሚኒ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚዘጋው ጎማ ነው። እሱ ከተበላ ውሃ ካምቢዮው ውስጥ ይገባል፤ ዘይቱ ነጥቶ አጥሚት ይመስላል፤ ክንፉን የሚያዞሩት የማርሽ ጥርሶችም ይበላሉ። "ታችኛውን ቡሎን ፍቺው። እስቲ አንቺ ደግሞ እዪና ንገሪኝ።"

ፈታሁት። ዘይቱ ጠብ፣ ጠብ አለ፤ ማር የመሰለ፣ ጥርት ያለ። ጠብታ ውሃ የለው።

"ንጹሕ ነው አባባ።"

አባቴ ጣቱን ነከረ። አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። "ይሄ አዲስ ይሸታል" አለ። "ሥራ የሠራ ዘይት እንዲህ አይሸትም። በርሜል ውሃ ውስጥ እናስነሳትና ትዋል፤ ቆማ ትደር፤ ውሃ ገብቶባት እንደሆነ ነገ እንያት።"

ሰውዬው መሬት መሬቱን ያያል። ማታ አውቶቡስ አለበት። እኔ አንጀቴ ተንሰፈሰፈ፤ ደግሞም፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ክሩን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ሥራው በእኔ እጅ እንዲያልቅ ፈልጌያለሁ። "አባባ፣ አዲስም ሆነ አሮጌ ንጹሕ ነው አልኩህ! ሰውዬውን ሚስቱ ትጠብቀዋለች።"

አባቴ ጣቱን እንደገና አሸተተ። አፍንጫው አንድ ነገር ይለዋል፣ ዓይኑ የሆንኩት እኔ ሌላ። ምን ያድርግ? "እንግዲህ አንቺ ካየሽው..." ብሎ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ሰውዬው መርቆን፣ ሞተሯን በነጠላው መልሶ ጠቅልሎ ሄደ።

ክረምቱ ሲገባ ተመልሶ መጣ። ያን ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። ነጠላው የለም፤ ሞተሯ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ናት። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል።

"ባለቤቴን ይዤ ሐይቁ መሃል ስንደርስ ሞተሯ ጮኸችና፣ እየዞረች ክንፉ ቆመ" አለ። "በጣውላ ቀዘፍኩ። ነፋሱ ወደ ኋላ ይመልሰኛል። እሷ ታምጣለች፤ እኔ እቀዝፋለሁ። ስንደርስ ፀሐይ ገብታ ነበር። እሷ ተርፋልኛለች። ልጁ ግን አልተረፈም።"

የአባቴ መዶሻ ከእጁ ወደቀ።

"ልከሳችሁ አይደለም የመጣሁት" አለ ሰውዬው። "ያኔ የደበቅኳችሁ ነገር አለ። ወደናንተ ከመምጣቴ በፊት ባለቤቴ ሞተሯን አጥባት ነበር። ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው ታጥቦ ነው አለችኝ። ከታች ፈትታ፣ የቆሸሸውን ነጭ ዘይት ደፍታ፣ አዲስ ሞላችበት። የማህበሩን ንብረት ያለ ፈቃድ ነካችሁ እንዳንባል ፈርቼ ዝም አልኩ። አሁን ሌት ተቀን 'ያን ዘይት በመድፋቴ ይሆን?' ትለኛለች። ምን ልበላት ጋሼ? እህል አትቀምስም።"

አባቴ፣ "ክፈቺያት" አለኝ። ቡሎኑን ፈታሁ። ነጭ ዘይት ቦለል ብሎ እጄ ላይ ፈሰሰ።

"እስቲ አንቺ ደግሞ እዪና ንገሪኝ" አለ፤ ልማድ ሆኖበት።

ወይ ነዶ! አባቴ በእጁ ዳብሶ የእኔን እጅ አገኘ፤ ዘይቱን በጣቶቹ አሸ፤ ሊያውቅ የፈለገውን አወቀ። እጄን ግን አልለቀቀውም።

"ልጄ፣ ስማኝ" አለው ሰውዬውን። "ባለቤትህ ምንም አላጠፋችም። ዘይቱ አዲስ መሆኑን ያን ቀን አውቄያለሁ። ሞተሯን በርሜል ውስጥ አስነስቶ ማሳደር ነበረብኝ፤ አላደረግኩትም። ያየሁት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ አላይም። ዘይቱን ያየው ዕውር ነው በላት።"

ሰውዬው ቀና ብሎ የአባቴን ዓይኖች ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አያቸው። ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሳመውና ዝናቡ ውስጥ ወጣ። ሞተሯን ትቷት ሄደ። በርሜል ቀጥቃጩ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቶ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ መሳለሚያ በሙሉ አወቀ፤ ከዚያ ወዲያ ፓምፕ ይዞ የመጣ ሰው አላስታውስም።

እኔስ? "እኔ ነኝ ንጹሕ ነው ያልኩት፣ እኔ ነኝ ያቻኮልኩት" ማለት አቃተኝ። ያን ቀንም፣ አባቴን ስቀብርም አላልኩም። ሰውዬው ሲሄድ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ አባቴ በዳበሳ መጥቶ ጎኔ ተቀመጠና ዘይት በነካው እጁ ፀጉሬን ደባበሰኝ።

"አንቺ እኮ ደህና አድርገሽ ነው ያየሽው" አለኝ። "ንጹሕ ነበር።"