ሞዞው ላይ ያረፈ መዳፍ

ዛሬ መካነ ሰላም መናኸሪያ ቆሜ ሳለሁ፣ አሁን የገባው አሮጌ አውቶቡስ ሾፌር ጎንበስ ብሎ መዳፉን የፊት ጎማው መሃል፣ ሞዞው ላይ አሳረፈ። የጋለ ዘይት ሸተተኝ። በዚህ ዕድሜዬ ቅናት ያዘኝ።

አባዬም ሾፌር ነበር። ከደሴ ሲገባ እኛ ልጆቹ በር ላይ እየጠበቅነው መጀመሪያ የሚዳስሰው አውቶቡሷን ነው። ሞዞው ውስጥ ዘይት ከጎደለ ብረቱ ይግላል። ስለዚህ መዳፉን ለጠፍ አድርጎ ይቆያል፤ ከዚያ የመክደኛውን ቡሎን ፈትቶ ትንሿን ጣቱን ይነክራል። ጣቱ በዘይት ርሶ ሲወጣ፣ "አልሐምዱሊላህ" ይላል።

አንድ ቀን አተኩሶኝ፣ የእናቴን ነጠላ ተከናንቤ ልቀበለው ወጣሁ። እሱ ጎማው ሥር ተንበርክኳል።

"ኧረ ልጅቷንም ዳስሳት፣ እንደ እሳት ትፋጃለች" አለችው እናቴ።

"እሷማ አፍ አላት፣ ካመማት ትናገራለች" አለ ዞር ሳይል። "ይቺ ምስኪን በምን አፏ ትናገር?"

ያን ቀን አውቶቡሷን ጠላኋት። እኔም ምንም ሳልናገር ገብቼ ተኛሁ።

የዛሬው ሾፌር እጁን በጨርቅ ጠረገና፣ "ደህና ናት፣ ግቡ" አለን።

ገብቼ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ግንባሬን በገዛ እጄ ዳሰስኩት።