መምህርን ማስተማር ምን ይባላል?

ሰርካለም መካነ ሰላም ውስጥ የአማርኛ አስተማሪ ናት፤ አንድ ቃል ከከነከናት እህል አይወርድላትም። በዚያ ክረምት ግን የከነከናት ከመጽሐፍ የመጣ አልነበረም። ሦስተኛ ክፍል ያስተማሯትን መምህር ይሄነውን በበጋው ስትሮክ መትቷቸው አንደበታቸው ተይዞ ነበር። ደሴ ያያቸው ሐኪም፣ ንግግር እንደ አዲስ አስተምሯቸው ብሎ መለሳቸው። ልጅ ስለሌላቸው ሥራው እሷ ላይ ወደቀ።

እንዲያው መምህርን ማስተማር ምን ይባላል? «ላስተምራቸው» ማለት ድፍረት መሰላት። መከለስ ላልረሳ ሰው ነው። ማሠልጠን የቢሮ ሰው ወረዳ ተጠርቶ የሚያንቀላፋበት ነው። ማደስም ለጣሪያና ለመታወቂያ ነው። ሁሉንም ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ ሁሉንም ሰረዘች።

የመምህሩ ባለቤት እትዬ ንግሥቴ ይህን ሲሰሙ፣ «ስሙን ኋላ ትደርሽበታለሽ» አሏት። «እኔን አምስት ወር ሙሉ በስሜ አልጠራኝም። ሳይጠራኝ እንዳይሞት ነው የምፈራው።»

ሰርካለም የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ይዛ ሄደች። የላም ሥዕል እያሳየች «ላም ይበሉ፣ ጋሼ» ስትላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በማግስቱ የድመቷን ገጽ ስትገልጥ ጭራሽ ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ሰርካለም አፈረች። እሷ ማንበብ አቅቷት በነበረ ጊዜ እኚህ ሰው አንድም ቀን አሳንሰው አላዩዋትም።

ታዲያ ምን ነበር የሚያደርጉት? ስታሰላስል የድሮ ጠዋቶቹ ትዝ አሏት። መምህሩ ክፍል እንደገቡ ስም ይጠሩ ነበር፤ ከስም ጥሪ በፊት ትምህርት የለም። በሦስተኛው ቀን መጽሐፉን ትታ፣ የዚያን ጊዜ ልጆች ስም በትልልቁ የጻፈችበትን ወረቀት እጃቸው ላይ አኖረች። ከዚያ ዱካ ስባ እንደ ተማሪ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

መምህሩ ወረቀቱን ብዙ አዩት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በ... በላይ» አሉ።

ለበላይ ሰርካለም «አቤት» አለችለት። ብዙነህ አሉ፤ አቤት አለች። ሉሊት አሉ፤ አቤት አለች። የራሷ ስም ሲደርስ መልሷ ዘገየ፤ መምህሩም እንደ ድሮው ከመነጽራቸው በላይ ገረመሟት።

ከሁሉም በታች ሰርካለም ክፍሉ ውስጥ ያልነበረ አንድ ስም ጨምራ ነበር። መምህሩ እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን የለም። ወረቀቱን ዝቅ አድርገው ወንፊት ይዘው በሩ ላይ የቆሙትን ሚስታቸውን አዩ።

«ንግሥቴ» አሉ።

እትዬ ንግሥቴ በዕድሜያቸው ተማሪ ቤት ረግጠው አያውቁም። ወንፊቱን መሬት አስቀመጡና ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አቤት፣ ጋሼ» አሉ፤ «አለሁ።»