«መድኃኒት ጨምሬበታለሁ»

ኮሎኔሏ ወታደር ቤት ረግጣ አታውቅም። ማዕረጉን ያገኘችው ሻይ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ባለ ሻይ ቤት ብርጭቆውን ሁሉ በአንድ ባልዲ ውሃ ሲያልቀልቅ ይውላል። ውሃው ጠቁሮ ጠቁሮ ሌላ ነገር ሆኗል። መጀመሪያ መከረችው፤ ቀጥላ አስጠነቀቀችው፤ በመጨረሻ ባልዲውን አንስታ አናቱ ላይ ደፋችበት። በጥፊ አጮላት። የእሷም እጅ አላረፈም፤ ሰውዬው ከነወንበሩ ተገለበጠ። ሊገላግሉ ከገቡት አንዱ «ኧረ ኮሎኔሏን ያዙልኝ» አለ፤ ከዚያ ወዲያ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሆነ።

ሥራዋ በከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪነት ነው። ሐኪም ናት እንዳትሉኝ፤ መርፌ ወግታ አታውቅም። የሐኪም በሽተኛ አልጋ ላይ ተጋድሞ «አመመኝ» ይላል። የእሷ በሽተኛ ሰፈር ነው፤ ሰፈር ደግሞ ሲታመም ይሳደባል እንጂ አመመኝ አይልም። «ለመሆኑ አንቺ የምትሠሪው ምንድን ነው?» ሲሏት «ሰው እንዳይታመም ማድረግ» ትላለች። «እኛ መች ታመምን?» ይሏታል። «እንግዲህ ሠርቻለሁ ማለት ነዋ» ብላ ትሄዳለች። ለዚህ ሥራ የሚያመሰግን የለም። ስላልያዘው በሽታ ማን ያመሰግናል?

ዱላ ለእሷ አዲስ ነገር አልነበረም። አባቷ ሰክሮ ሲገባ ቀበቶውን ፈትቶ ፊቱ ያገኘውን ይገርፍ ነበር። ታላቅ እህቷ ታዲያ ሁልጊዜ ላይዋ ላይ ተኝታ ትሸፍናታለች፤ ግርፋቱ እህቷ ጀርባ ላይ ያርፋል። ያ ጀርባ እስካሁን ጠባሳ ብቻ ነው፤ ከጠባሳው ግማሹ የኮሎኔሏ ድርሻ ነበር። እህቷ አድጋ ሥጋ ሻጭ አገባች፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ወለደች። ኮሎኔሏ አላገባችም፤ ማን ደፍሮ ይጠይቃት። የእህቷን ልጆች ግን እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምታያቸው።

በዚያ ክረምት ከባድ ዝናብ ጣለ፤ ጎርፉ የላይ ሰፈሩን ሽንት ቤቶች ጠራርጎ በታች ባሉት ሰፈሮች የውሃ ጉድጓዶች ውስጥ ከተተው። ወዲያው ሰዉን ያስመልሰውና ያስቀምጠው ጀመር፤ ጠዋት የያዘውን ማታ የሚያስቀብር ዓይነት ተቅማጥ ነው። ኮሎኔሏ የክሎሪን ዱቄቷን ተሸክማ ከጉድጓድ ጉድጓድ ስትዞር ቆይታ፣ በአንዱ ከሰዓት በኋላ እህቷ ሰፈር ደረሰች። ዱቄቱን በጥብጣ ጨመረች፤ «እስከ ነገ ጠዋት ማንም እንዳይቀዳ፤ ነገ መጥቼ እከፍትላችኋለሁ» ብላ ክዳኑን በገመድ አሰረችና፣ ስለመሸባት እህቷ ቤት ሳትገባ ተመለሰች።

በማግስቱ ስትመጣ ሰዉ ጉድጓዱ ዙሪያ ቆሟል። ባልዲና ጀሪካን ይዘዋል፣ ግን የታሰረውን ክዳን ማንም አልነካም። ሥጋ ሻጩ ከመሃል ወጣ። ዓይኑ ደም መስሏል። ኮሎኔሏ ምን እንደደረሰ አልሰማችም፤ እንቅልፍ አጥቶ ነው ብላ አለፈችው።

«እዚህ ውስጥ ትናንት ምን ጨመርሽ?» አላት በለሆሳስ።

«መድኃኒት ነዋ፣ ጋሼ። መድኃኒት ጨምሬበታለሁ።»

«ምን የሚያደርግ መድኃኒት?»

«የሚገድል ነዋ» አለች፤ በሥራዋ ኮርታ። «አንድ አያስተርፍም። ጥርግ ነው የሚያደርገው።»

አፏን ምነው በቆረጠው! ተባዩን ማለቷ ነበር፤ ውሃው ውስጥ ያለውን፣ በዓይን የማይታየውን። ተባይ የምትለዋን ቃል ግን ዋጠቻት፤ ለእሷ ግልጽ ነዋ። በእኛ አፍ ደግሞ በሽተኛ የሚውጠውም መድኃኒት ነው፣ አይጥ የሚፈጀውም መድኃኒት ነው፣ ምቀኛ ጎረቤቱ ደጃፍ የሚቀብረውም መድኃኒት ነው። የሥጋ ሻጩ ወንድ ልጅ ደግሞ የዚያን ዕለት ሊነጋ ሲል አርፏል።

ሥጋ ሻጩ የበሬ ቅልጥም በሚሰብርበት እጁ ፊቷን መታት። ወደቀች። ለመነሳት ስትሞክር ከኋላ በባልዲ አናቷን አሏት። ከዚያ ወዲያ ማን እንደመታት ራሷም አታውቅም። አንዷ ፀጉሯን ጨምድዳ መሬት ለመሬት ጎተተቻት፤ ሌላው ጎኗን በእርግጫ ይላታል። ፊቷን ልትከላከል ያነሳችውን ቀኝ ክንዷን አንድ ሰው በዱላ አገኘውና ሲሰበር ድምፁ ተሰማ። የሚመቷትን ፊቶች ታውቃቸው ነበር፤ ልጆቻቸውን ያስከተበች እሷ፣ የሽንት ቤታቸውን ቦታ የመረጠችላቸው እሷ። «ከነመድኃኒቷ ትግባበት» አለ አንዱ። አንዱ የክዳኑን ገመድ ሊፈታ ሲያጎነብስ እጅና እግሯን ይዘው ወደ ጉድጓዱ አፍ አነሷት።

ያተረፋት የቆሻሻ መኪና ነው። የጽሕፈት ቤቱ ሾፌር፣ በር የማይበቃው ግዙፍ ሰው፣ ጩኸቱን ሰምቶ ጥሩንባውን እያስጮኸ ሰዉ መሃል ነዳበት። ፌሮ ብረት ይዞ ወረደ፤ ሁለቱን አንኮታኮተና እሷን እንደ ጆንያ ተሸክሞ ጋቢና ውስጥ ወረወራት። መኪናው ሲወጣ የድንጋይ ናዳ መስታወቱን አረገፈው።

ጤና ጣቢያ ክንዷን በእንጨት አስረውላት፣ ከንፈሯን ሰፍተውላት ተኛች። ልጁ መሞቱን የነገራት ሾፌሩ ነው።  ከዚያ ሰዉ ምን እየጠጣ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ከወንዝ እየቀዱ ነው። ጉድጓዱን ማን ይጠጋዋል።»

ወንዙ ከቄራው ሥር ነው የሚመጣው፤ የቄራው ደምና ፈርስ፣ የላይ ሰፈሩ ሽንት ቤት፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚወርደው። የእህቷ ሴት ልጅ ያንን ውሃ እየጠጣች ነው። ኮሎኔሏ ተነሳች።

«አብደሻል እንዴ? ይጨርሱሻል እኮ» አላት ሾፌሩ።

«ይጨርሱኝ። እኔ የተቀጠርኩት ለሚወደኝ ሰው ብቻ አይደለም። በል ንዳ።»

እሱም ራሱ ጤነኛ አይደለም መሰለኝ፣ ነዳ።

የእህቷ ግቢ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ከወንዝ የመጡት ጀሪካኖች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል፤ ሥጋ መቁረጫው ጉማጅ ላይ ቢላዋ ተሰክቷል። ኮሎኔሏ ማንንም ሳታይ ቀጥ ብላ ሄዳ ቢላዋውን በግራ እጇ ነቀለችው። ሰው ሁሉ ደንግጦ ብድግ አለ፤ ሥጋ ሻጩን ልትወጋ የመጣች መስሏቸዋል። እሷ ግን ጀሪካኖቹን ሆዳቸውን ዘለዘለቻቸው። ውሃው በለቀስተኛው እግር ሥር ፈሰሰ።

ሥጋ ሻጩ ደርሶ ማንቁርቷን ያዛት፤ ግድግዳው ላይ ለጥፏት ማነቅ ጀመረ። ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። ሾፌሩ ፌሮውን አንስቶ ሲሮጥ ሌሎች ተረባርበው አስቀሩት። በዚህ መሃል እህቷ ከቤት ወጣች፤ ሴት ልጇን በእጇ ይዛለች።

«ልቀቃት» አለች።

«ልጄን የገደለች እኮ ናት።»

«ያስመልሰው የጀመረው እሷ ዱቄቱን ከመጨመሯ በፊት፣ ጠዋት ነው። አንተ ቄራ ነበርክ። ልነግርህ ብል ማን ሰማኝ?»

እጁ ላላ። ኮሎኔሏ ተንሸራትታ ተቀመጠች፤ ትንፋሽ አጥሯታል። ሥጋ ሻጩ የልጁን ስም እየጠራ ፊቱን በእነዚያ እጆቹ ሸፍኖ ተንበረከከ።

ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ሳብ አድርጋ ውሃ ጠማኝ አለች። ግቢ ውስጥ ጠብታ የለም። እህቷ ባዶ ባልዲ አንስታ ወጣች፤ ሰዉም ዓይኑን እየጣለባት ተከተላት። የጉድጓዱን ገመድ ፈታች፣ ቀዳች፣ በኩባያ ሞልታ መጀመሪያ ራሷ ጠጣች። ለቀስተኛው ሁሉ ስትወድቅ ለማየት ቆመ። አልወደቀችም። ተመልሳ መጥታ ለልጇ ሰጠቻት፤ ልጅቷም ጨለጠችው።

ከዚያ እህቷ ኮሎኔሏ ፊት ቁጢጥ አለች። በነጠላዋ ጫፍ የከንፈሯን ደም ጠረገችላት።

«ጎርፉ ከገባ ጀምሮ ውሃችን መበላሸቱን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እትዬ።»

«ዱቄቱስ በእጅሽ ነበር?»

«ነበር።»

«ታዲያ እኛ ጋ ለምን መጨረሻ መጣሽ?»

ኮሎኔሏ ለማንም መልስ አጥታ አታውቅም ነበር። አሁንም መልሱ ነበራት። 

«ከእናንተ ብጀምር ዘመዷን አስቀደመች እንዳይሉኝ ብዬ።»

እህቷ ቀና ብላ ግቢው ውስጥ የቆሙትን አየቻቸው። በአንዷ ጣት መሃል የተነጨ የኮሎኔሏ ፀጉር እንዳለ ነው፤ የሌላው ሱሪ በደሟ ተበክሏል።

«እነዚህ ናቸው የሚሉሽ?»

መልስ አልጠበቀችም። ልጇን አቅፋ ገባች፤ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው። ሰዉም ባልዲውን እያነሳ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። ኮሎኔሏ የመጣችበት ጉዳይ ይኸው ተሳካ፤ ሰፈሩ ከጉድጓዱ እየጠጣ ነው። እሷ ግን በሩ ሥር ተቀምጣ «እትዬ፣ ክፈችልኝ» እያለች በደህናው እጇ ታንኳኳ ነበር።