በ2026 ይወጣል የተባለው መጽሐፍ

የትናየት ደባርቅ ተወልዳ ያደገች፣ ዳባት ባለው የገበሬዎች ማኅበራችን የባቄላ መጋዘን የጥራት ባለሙያ ሆና የምትሠራ ልጅ ናት። ጠዋት በሚኒባስ ትመጣለች፣ ማታ በሚኒባስ ትመለሳለች። እኔ መጋዘን ያዡ ዋሴ ነኝ፤ ሥራዋ እስካሁን በደንብ የገባኝ አይመስለኝም። ባቄላ ስትለቅም አላየኋትም፤ ባቄላ እንዴት እንደሚለቀም ግን ጽፋ ታስፈርመናለች። ፈርመን ስናበቃ እንደ ድሯችን ስንሠራ ካገኘችን ትቆጣለች።

ሐሳቧ ማኅበሩ ዓለም አቀፉን የጥራት ሥራ አመራር ምስክር ወረቀት እንዲያገኝ ነው። ያ ከተገኘ ባቄላችን ያለ ደላላ በቀጥታ ለላኪ ይሸጣል ብላናለች። ሁሉን አሰናድታ ፈታኞች ልትጠራ ስትል፣ የምንፈተንበት የጥራት ደንብ መጽሐፍ ሊታደስ ነው የሚል ወሬ መጣ። ሁለት ጊዜ ከምንደክም አዲሱን እንጠብቅ አለች። ጠበቅን። የተባለው ጊዜ ሲደርስ ተራዘመ። ምክንያቱን ብጠይቃት፣ የየአገሩ ባለሙያዎች አስተያየት እየሰጡበት ነው አለችኝ። አስተያየት ሰጪ ከበዛማ እንደኛው ስብሰባ ነው፤ መቼም አያልቅም። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ።

ሐምሌ ላይ ኮሚቴው ተሰብስቦ የየትናየት ውል ከመስከረም በኋላ እንዳይታደስ ወሰነ። የነገሯት ሊቀ መንበሩ አቶ ላቀው ናቸው፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የነገሯት። እሷ ግራ ገብቷት ጠየቀች።

«ምን አጠፋሁ፣ ጋሼ?»

«ምንም፣ ልጄ። መጽሐፉ በ2026 ይወጣል ያልሽን አንቺው አይደለሽም? እስከዚያ ስምንት ዓመት ምን ልትሠሪልን ነው? ጊዜው ሲደርስ እንጠራሻለን።»

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ስምንት ዓመት ነበር የመሰለኝ። አሁን ያለው የ2015 ነው ስትለንም፣ በሦስት ዓመቱ ምን አርጅቶ ይታደሳል እያልኩ ስገረም ከርሜያለሁ። ለካ ልጅቱ የምትቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ እኛ የምንሰማው በራሳችን። ይህንን ያስረዳችን ያኔ ነው። በእኛ 2019 ማለት ነው፣ መስከረም ላይ ይወጣል ተብሏል አለች።

የአቶ ላቀው ፊት በራ። «እንግዲያው መስከረም በእርግጥ ይወጣል በይኝና ኮሚቴውን መልሼ ልሰብስብ።»

ከኋላቸው ሆኜ፣ አዎ በይ ብዬ በዓይኔ ለመንኳት። 

«እርግጠኛ አይደለሁም፣ ጋሼ» አለች። «እስካሁን ተራዝሟል፤ ነገም ሊራዘም ይችላል።»

 እንጀራዋን በገዛ እጇ ገፋች። አቶ ላቀው ደግሞ ጭራሽ ግራ ተጋቡ። ካህናቱ የዛሬ መቶ ዓመት ፋሲካ መቼ እንደሚውል ይናገራሉ፣ የእነዚህ መጽሐፍ እንዴት ቀን አይቆረጥለትም እያሉ በትራቸውን አንስተው ወደ በሩ አመሩ። እኔ ንዴቴ ገንፍሎ፣ አሮጌውስ ተሽሯል ወይ ብዬ ጮህኩባት።

«አልተሻረም» አለች። «አዲሱ ቢወጣም እንኳ ለተወሰነ ጊዜ ይሠራበታል።»

«ታዲያ እስካሁን ምን ስንጠብቅ ነበር?»

  አዲስ ዳዊት እስኪጻፍ ድረስ በአሮጌው አይደገምም ያለን ሰው አልነበረም። አቶ ላቀው በሩ ላይ ቆመው ይህን ሰሙና ኮሚቴውን ሊጠሩ ወጡ።

በማግስቱ ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ በአሮጌው እንፈተን፣ ልጅቱም እስክታስፈትነን ትቆይ አለ። እኔ እስካሁን ማን እንደተሳሳተ አልለየልኝም። የትናየት ግን፣ ስለ መጽሐፉ በሰማችው ቁጥር ፊቷን ያጠቁረው የነበረው «ተራዝሟል» የሚለው ቃል ለእሷ ሆኖ «ውልሽ ተራዝሟል» ሲሏት፣ መጋዘኑ በር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።