ታይስቶ ለእኛ ሲል የገዛው ቤት

ታይስቶ ሌህቶላ ያንን ቤት የገዛው ለራሱ አይደለም፤ ለእኛ ነው። ይህን የምናውቀው እሱ ራሱ ስለነገረን ነው። የረሳን ሲመስለው ደግሞ እንደገና ይነግረናል። ለሚስቱ ለሜርቪ፣ ለልጁ ለሳቱ፣ ለሜርቪ ወንድም ለኤስኮ እና ለእኔ። እኔ ላህቲ ከተማ በአንድ የመኪና ማሰልጠኛ ከእሱ ጋር ዘመኔን የፈጀሁ የትራፊክ ሕግ አስተማሪ ነኝ። ከመካከላችን ቤት ግዛልን ያለው ሰው የለም።

የታይስቶ ሥራ ሰው መንዳት ማስተማር ነው። ዕድሜውን ሙሉ የተቀመጠው ከተማሪው ጎን ሲሆን በእሱ በኩልም ፍሬን አለ። ባሻው ጊዜ ረገጥ አድርጎ መኪናውን ቀጥ ያደርጋል። ይህ ነገር እየቆየ የሰው ጠባይ ይሆናል። ሜርቪ ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ ቆሞ «ቀስ... ቀስ... አሁን አዙሪው» ይላታል። ሳቱ ስታገባ ቄሱ ስብከቱን ሲያስረዝሙበት የታይስቶ ቀኝ እግር የቤተ ክርስቲያኑን ወለል ሲረግጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ አንድ እሑድ ምሳ ላይ ሹካውን አስቀምጦ ጉሮሮውን የጠረገው።

«ቤት ገዝቻለሁ።»

ሜርቪ ድንች ስታዞር ነበር። «የምን ቤት?»

«የገጠር ቤት ነዋ! ኩህሞ አካባቢ፣ ሃውኪላምፒ የሚባል ሐይቅ ዳር። ጫካው የራሳችን፣ ሳውናው፣ የእንፋሎት መታጠቢያው፣ የራሳችን። መብራት የለም፣ የቧንቧ ውሃ የለም፣ በቅርብ ጎረቤት የሚባል የለም።»

«ይህን ሁሉ የሌለ ነገር በገንዘብ ነው የገዛኸው?» አለ ኤስኮ።

«ለመሆኑ ለእኔ መቼ ልትነግረኝ ነበር?» አለች ሜርቪ።

«አሁን ነገርኩሽ እኮ።»

ከዚያ ተነስቶ ቆመና ንግግር አደረገ። ቤቱ ቤተሰብና ወዳጅ የሚሰባሰብበት፣ ስልክ የማይጮህበት፣ የደከመው የሚያርፍበት፣ ሰው ከሰው ዓይን ለዓይን የሚተያይበት ነው አለ። እኛም እዚያው ጠረጴዛው ላይ ዓይን ለዓይን ተያየን። ደስ ያለው ሰው አላየሁም።

በዚያው ዓመት በሰኔው በዓል፣ ፀሐይ አልጠልቅም በምትልበት ሰሞን ሄድን። ከላህቲ ሙሉ ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው። አስፋልቱ ያልቃል፣ ኮረቱ ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ብሎ የሚጠራው ታይስቶ ብቻ ነው። ከአጥሩ በር ስንደርስ ታይስቶ ቀድሞን መጥቶ የድሮ የወተት ጣሳ ይዞ ቆሟል።

«ስልካችሁን እዚህ ክተቱ።»

«አባዬ፣ ኔትወርክ የለም እኮ» አለች ሳቱ።

«ቢኖርስ ብለሽ አስቢ!»

ከተትን። ቤቱን ስናየው፣ እውነት ለመናገር፣ የሚያምር ነው። በወፍራም ግንድ የተሠራ አሮጌ ቤት፣ ሐይቁ ከፊቱ እንደ መስታወት ተዘርግቷል፣ ሳውናው ውሃው ዳር ቁጭ ብሏል። ኤስኮ ቦርሳውን ጥሎ «ኡፍ!» ብሎ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። በረንዳው ጠዋት ሬንጅ ተቀብቶ ነበር። ኤስኮ የለበሰው ሱሪ ከዚያ ወዲያ ለመወልወያነት እንኳ አልሆነም።

«ማን ተቀመጥ አለህ?» አለ ታይስቶ። «መጀመሪያ ሥራ አለ። እዚህ ዕረፍት ማለት ሥራ መቀየር ማለት ነው።»

በእርግጥም ቀየርን። ኤስኮ እንጨት ፈለጠ። ሳቱና ባሏ ከጉድጓድ ውሃ ቀዱ። ሜርቪ ቤቷ ትታ የመጣችውን የምድጃ ሥራ እዚህ በማገዶ አገኘችው። እኔ፣ የትራፊክ ሕግ አስተማሪው፣ የሽንት ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሚስማር መታሁ። ታይስቶ ደግሞ አንዱንም ሳይሠራ ሁሉንም ሠራ፤ ከአንዳችን ወደ አንዳችን እየተዘዋወረ ያስተምር ነበር። ለኤስኮ መጥረቢያ እንዴት እንደሚነሳ ያሳየዋል፤ ኤስኮ ዕድሜውን የኖረው አናጢ ሆኖ ነው። ማታ ማታ ዓሣ ላጥምድ ብዬ ጀልባ ላይ ስወጣ ከዳር ቆሞ «ወደ ኋላ አይተሃል? ሳታይ አትነሳ!» እያለ ይጮሃል። በዚያ ሐይቅ ላይ ከእኔ ሌላ ያለው አንድ ዳክዬ ብቻ ነበር።

በሳውናው እንኳ ደስ እንዲለን አልተወንም። የሚበቃው ሙቀት መቼ እንደደረሰ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ድንጋዩ ላይ ውሃ የሚያፈሰው እሱ ነው፣ መቼ ሐይቅ ውስጥ እንደሚዘለል የሚያዘው እሱ ነው። በዚያ ላይ ስለ ዝምታ ይሰብካል። «ስሙት!» ይላል። «ስሙት እስቲ ይህን ዝምታ! ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አለ? የለም። ሰው ይህን ነው ያጣው...» እያለ አንድ ሰዓት ያህል ስለ ዝምታ ያወራል። ቢምቢዎቹ ብቻ ናቸው ሳያቋርጡ ያዳመጡት፤ ጆሯችን ላይ ተሰልፈው።

በሚቀጥለው ዓመት ሳቱ ነፍሰ ጡር ሆነች። ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ሕፃኑ ትንሽ ነው አለች። ኤስኮ ወገቡን ታመመ፤ የሚያመው ግን ሰኔ ላይ ብቻ ነው። እኔ ሬንጅ ቆዳዬን ያሳክከኛል አልኩ። ታይስቶ አዘነብን። «ለስልሳችኋል። ከተማው አልፈስፍሷችኋል። እኔ ብቻዬን ሄጄ አሳያችኋለሁ» አለና በጥቅምት ብርድ ወጣ። ሳምንቱን ቆይቶ ጢሙን አሳድጎ ተመለሰ። በረዶ ሰብሮ ውሃ እንደቀዳ፣ በሻማ ብርሃን እንደበላ፣ ነፍሱ እንደታጠበች በማሰልጠኛው ላሉ ተማሪዎች ሁሉ ተረከላቸው።

ሜርቪ ልብሱን ልታጥብ ቦርሳውን ስትፈታ አንድ ነጭ ፎጣ አገኘች፤ ጥጉ ላይ የኩህሞ ከተማ ሆቴል ስም ተጠልፎበታል። አጠበችው፣ ተኮሰችው፣ መታጠቢያ ቤት ፊቱን በሚላጭበት መስታወት አጠገብ ሰቀለችው። ፎጣው እዚያው ተሰቅሎ ከረመ። እሱ በየጠዋቱ ፊቱን በእጅጌው ይጠርግ ነበር።

ታይስቶን የጣለው ጫካው አልነበረም። መጋቢት ላይ ከገበያ ማዕከል ወጥቶ፣ መብራት ቦግ ባለበት መኪና ማቆሚያ፣ አንዲት ሴትዮ መኪናዋን ወደ ኋላ ስትነዳ ሊያርማት እየሮጠ በረዶ አዳለጠውና ዳሌው ተሰበረ። ሐኪሙ ብረት ካስገባለት በኋላ እስከ ኅዳር ድረስ ገጠር የሚባል እንዳታስብ አለው።

«ቤቱ ምን ይሆናል?» እያለ አልጋው ላይ ተብሰለሰለ። «ሰው ያልገባበት ቤት ይሞታል። ለእናንተ ብዬ...»

«እንሄድለታለን» አለችው ሜርቪ። «ለቤቱ ስንል።»

እንደ ግዳጅ ቆጥረነው ሰኔ ላይ ሄድን። የአጥሩ በር ላይ ስንደርስ ማንም አልቆመም። መኪናውን አጠፋን። ኤስኮ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ብዙ ቆየና «ይሄ ነው እንዴ?» አለ በሹክሹክታ። ዝምታው ነበር። ለካ እዚያው ኖሯል፤ ሰውዬው በላዩ ላይ ሲያወራበት ነው የከረመው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስናገር አፍራለሁ። በሁለት ጥድ መካከል የመረብ አልጋ አሰርንና ኤስኮ እስከ ምሳ ሰዓት ተኛበት፤ ወገቡም ዳነ። ሳቱ በረንዳው ላይ ልጇን ታቅፋ ምንም ሳትሠራ ትውላለች። የስልክ ነገር ትዝ ያለው ሰው የለም፤ የእኔ ኪሴ ውስጥ ባትሪው ሞቶ ሰነበተ። ሜርቪ፣ ከልጅነቷ ወዲህ እንዳልዋኘች የነገረችን ሴት፣ ሐይቁን አቋርጣ ሄዳ ከማዶ እጇን አወዛወዘችልን። ማገዶ ሲያስፈልግ አንዱ ተነስቶ ይፈልጣል። ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ማታ ድንች ቀቅለን፣ ያጠመድነውን ዓሣ ጠብሰን ስንበላ ዓይን ለዓይን ተያየን። ታይስቶ እሑድ ምሳ ላይ ቆሞ ቃል የገባልን ነገር አንድም ሳይቀር ሆነ። የጎደለ ቢኖር እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ስለጎደለም ነው የሆነው።

ሜርቪ ኔትወርክ እስከሚገኝበት ጉብታ ድረስ እየሄደች ትደውልለት ነበር።

«ሥራው እንዴት ነው?» ይላታል።

«ከባድ ነው።»

«በረንዳው ሬንጅ ተቀባ?»

«እየደከምን ነው አልኩህ እኮ፣ ታይስቶ።»

አሳዘንነው። በአንድ በኩል ስላዘነልን፣ በሌላ በኩል ደግሞ ያለ እሱ እንደማንችል ስላመነ ሳይነግረን ለመምጣት ወሰነ። በቅርቡ መንጃ ፈቃድ ያወጣች አንዲት ተማሪውን ለመነና ክራንቹን ኋላ ወንበር ላይ ጭኖ ተነሳ። ልጅቷ በኋላ እንደነገረችን፣ መንገዱን ሙሉ ፍሬን በሌለው ወለል ላይ በጤነኛው እግሩ ሲረግጥ ነበር። ኩህሞ ስትደርስ ወርዳ አለቀሰች፤ ቡና ጠጥታ ቀጠለች።

ምሳ ላይ ነን። ኤስኮ አንድ ነገር ተናግሮ ሁላችን በሳቅ ወድቀናል። ሜርቪ እንባዋን ትጠርጋለች። ድንገት ክራንች ጠጠር ላይ ሲንቋቋ ሰማን። ዞር ስንል ታይስቶ ከቤቱ ጥግ ቆሟል። ሳቃችን ቀጥ አለ። እንደዚያ ያለ ፍሬን እሱ ራሱ በዕድሜው ረግጦ አያውቅም።

«ቀጥሉ እንጂ» አለ። «ምነው? የሞተ ሰው አለ?»

ዓይኑ ከመረብ አልጋው ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ሬንጅ ወዳልነካው በረንዳ ሄደ።

«ከባድ ነው አላልሽኝም?»

«አልኩህ» አለች ሜርቪ።

«ታዲያ ከባዱ የቱ ነው?»

ሳቱ ናት የፈነዳችው። «አባዬ፣ ሰው የሚያርፍበት ቤት ገዝተህ አንድ ሰው ቁጭ ሲል ማየት አትችልም! ለእኛ ገዛሁ ትላለህ። ለእኛ ከሆነ እስቲ ተወን!»

«እኔ እንድትሰባሰቡ ነው የፈለግሁት።»

«ይኸው ተሰብስበናል» አለች ሜርቪ፣ ድምጿን ሳታነሳ። «ና፣ ተቀመጥ። ድንቹ ሳይቀዘቅዝ።»

ፊቱ ቀላ። የሚሄድ መስሎን ነበር፤ ግን ያመጣችው ልጅ ሐይቁ ውስጥ ገብታ መዋኘት ጀምራለች፣ እሱ ደግሞ በዳሌው ምክንያት የትም መድረስ አይችልም። ተቀመጠ። በላ። ከዚያ በረንዳው ላይ ወጥቶ እግሩን ዘርግቶ ሐይቁን አየ። አንድ ቃል ሳይናገር በጣም ቆየ፤ ሜርቪ አሞት ይሆናል ብላ ሁለት ጊዜ ብቅ ብላ አየችው። እኔም አጠገቡ ሄጄ ልቀመጥ ተነሳሁ።

«ጀልባዋ» አለ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «አስተሳሰሯ ልክ አይደለም።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ።

በቀጣዩ የካቲት፣ ዳሌው ከዳነ በኋላ፣ ታይስቶ እንደገና እሑድ ምሳ ላይ ሹካውን አስቀመጠ። በአገሩ ሰሜን ጫፍ፣ ላፕላንድ ውስጥ፣ ኢናሪ ሐይቅ ላይ ለሽያጭ የቀረበ ቤት አግኝቷል። ደሴት ላይ ነው። በበጋ በጀልባ ብቻ፣ በክረምት በበረዶ ላይ ብቻ ነው የሚደረሰው። ሃውኪላምፒ ለእናንተ ቀላል ሆኗል አለ። እዚያ ግን እውነተኛ ነገር ይሠራል፤ አሥራ ሁለት ሰው የሚያስተኛ ትልቅ ቤት፣ ለሁላችሁም።

«በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው!» አልን ሁላችንም፣ ባንድ አፍ።

ታይስቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በትዳሩም፣ በወዳጅነቱም ዘመን እንዲህ ተደግፎ አያውቅም። ሜርቪ ያንኑ ዕለት ከምሳ በኋላ ሻንጣውን ከቁም ሣጥን አናት ላይ አወረደችለት። ኤስኮ የራሱን መጥረቢያ ሰጠው።

አሁን ጡረታ ወጥቶ ከግንቦት እስከ ጥቅምት እዚያው ነው። ሜርቪ በየዓመቱ መስከረም ላይ አንድ ሳምንት ሄዳ ትጠይቀዋለች፤ ትወደዋለች እኮ፣ ማን አትወደውም አለ? እኛ በበጋው ሃውኪላምፒ ነን። «መቼ ነው የምትመጡት?» ሲለን «የሚመጣው ዓመት» እንላለን።

ባለፈው ሐምሌ ደወለ። ሜርቪ ሁላችን እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ከማዶ ዳርቻ ኒላ የሚባል አጋዘን አርቢ ጎረቤት አለው፤ ሽማግሌ ነው፣ ሚስቱ ሞታለች፣ የሚያዋራው ሰው አጥቶ ኖሯል። አሁን በየቀኑ ጀልባውን እየቀዘፈ ይመጣል።

«የዓሣ መረብ አጣጣልህ ልክ አይደለም ይለኛል» አለ ታይስቶ። «ቡና ስጠጣ አጠገቤ ቆሞ ነው። እንጨት አፈላለጥ ሊያስተምረኝ ይፈልጋል፤ እኔን! ሰውዬው ለአፍታ አያስቀምጠኝም፣ ሜርቪ!»

ኤስኮ ፊቱን በትራስ ሸፈነ። ሜርቪ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን እንደምንም ያዘችው።

«ታዲያ ለምን ለጥቂት ቀን አትመጣም?»

«አልችልም» አለ። «መረቡን ጠግነህ ሳትጨርስ ንቅንቅ እንዳትል ብሎኛል።»